የድንበሩ የካርቦን ቀረጥ የትኛውን ኢንዱስትሪ ይንካ?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገቡ የተወሰኑ ሸቀጦች በሁለት ሚዛን መመዘን ጀምረዋል። አንደኛው የጉምሩክ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የክብደትና የዋጋ ሚዛን ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ሸቀጡ በሚመረትበት ጊዜ ምን ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከባቢ አየር እንደተለቀቀ ይጠይቃል፤ መልሱንም በገንዘብ ይተምናል። ኅብረቱ ሥርዓቱን «የካርቦን የድንበር ማስተካከያ» ይለዋል። በገበያ ሰው አፍ ግን ስሙ አጭር ነው፤ የካርቦን ቀረጥ።

ስለዚህ ቀረጥ ብዙ ተብሏል። ከፊሉ የአየር ንብረትን ለመታደግ የተወሰደ ደፋር እርምጃ ነው ሲለው፣ ከፊሉ አረንጓዴ ካባ የለበሰ የገበያ አጥር ነው ይለዋል። በሁለቱ ክርክር መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ፣ ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቀረጡ የትኛውን ኢንዱስትሪ ይንካ፣ የትኛውንስ ይለፍ የሚለው ነው። ዝርዝሩ ላይ ላዩን ሲያዩት በሕግ አባሪ ላይ የተደረደረ የጉምሩክ መለያ ቁጥር ብቻ ይመስላል። ይሁንና ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ የሚነድ ምድጃ፣ ዕቃ የሚጫንበት ወደብ፣ ከደመወዙ ቀንሶ ወደ አገሩ የሚልክ የቤተሰብ ኃላፊ አለ። በባሕሬን፣ በአቡዳቢ፣ በዱባይ፣ በሶሃር፣ በጁበይልና በመሰይዒድ የፋብሪካ መንደሮች ዙሪያ ኑሮውን ለመሠረተ አንባቢያችን ይህ የሩቅ የብራስልስ ወሬ አይደለም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ዝርዝር ስድስት ዘርፎችን ይዟል፤ ሲሚንቶ፣ ብረትና አረብ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጂን። የአውሮፓ ኮሚሽን ረቂቁን በጁላይ 2021 ሲያቀርብ ሃይድሮጂን በውስጡ አልነበረም። የአውሮፓ ፓርላማ በ2022 ዝርዝሩ ሰፍቶ ፕላስቲክንና ኦርጋኒክ ኬሚካሎችንም እንዲጨምር ጠየቀ። ከረጅም ድርድር በኋላ ሃይድሮጂንና እንደ ቡሎንና ቪት ያሉ ጥቂት የብረት ውጤቶች ገቡ፤ ፕላስቲኩና ኬሚካሉ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። ሕጉ በሜይ 2023 ጸደቀ፤ ከኦክቶበር 2023 እስከ 2025 መጨረሻ ያለው ጊዜም ሪፖርት ብቻ የሚቀርብበት፣ ክፍያ የሌለበት የመሸጋገሪያ ዘመን ሆነ። ብሪታንያ በበኩሏ ከ2027 ጀምሮ ልትጥለው ላሰበችው ተመሳሳይ ቀረጥ የራሷን ዝርዝር አዘጋጀች፤ ኤሌክትሪክን አላካተተችም፤ መጀመሪያ አስባቸው የነበሩትን መስታወትና ሴራሚክም በኋላ ተወቻቸው። ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓላማ ይዘው ሁለት ዝርዝር አወጡ። ከዚህ የምንረዳው ዝርዝሩ ከተፈጥሮ የተቀዳ እውነት ሳይሆን ሰዎች ተከራክረውና ተደራድረው የሚሰጡት ፍርድ መሆኑን ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ መለኪያ ያስፈልገዋል።

መለኪያውን ለማግኘት የቀረጡን መነሻ ማስታወስ ይበጃል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ትላልቅ ፋብሪካዎቹና የኃይል ማመንጫዎቹ ለሚለቁት ካርቦን የፈቃድ ወረቀት እንዲይዙ ያስገድዳል። ፈቃዱ በገበያ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ በፌብሩዋሪ 2023 የአንዱ ቶን ዋጋ ከ100 ዩሮ አልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍና ዝቅ ይላል። አንድ ወገን ብቻውን እንዲህ ያለ ዋጋ ሲጥል ግን አደጋ ይከተላል። ባለፋብሪካው ምድጃውን ዘግቶ ካርቦን ያለ ዋጋ ወደሚለቀቅበት አገር ሊሄድ፣ ወይም ገበያውን ለዚያ አገር አምራች ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ አውሮፓ ሥራ ታጣለች፤ ሰማዩም አንዳች አይጠቀምም። ባለሙያዎች ይህን «የካርቦን ሽሽት» ይሉታል። ለዓመታት መፍትሔው ለእነዚህ ፋብሪካዎች ፈቃዱን በነጻ ማደል ነበር። ነጻ እደላው ግን ሕጉን ጥርስ የሌለው አደረገው። ስለዚህ ከ2026 እስከ 2034 ባለው ጊዜ ነጻው እደላ ደረጃ በደረጃ ይቀራል፤ በእርሱ ምትክ ከውጭ የሚገባውም ሸቀጥ ያንኑ ዋጋ እንዲከፍል ይደረጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በዝርዝሩ መግባት ለአውሮፓዊው አምራች ንጹሕ ስጦታ አይደለም። ዘርፉ ሲገባ ነጻ ፈቃዱን እያጣ ይሄዳል፤ በአገር ውስጥ ገበያ ከውጭ ተወዳዳሪው ጋር ቢስተካከልም፣ ወደ ሌላ ዓለም በሚልከው ምርት ላይ ግን ሸክሙን የሚጋራው የለም። አንዳንድ የአውሮፓ ኢንዱስትሪዎች ራሳቸው «እኛን ለጊዜው ተዉን» ሲሉ የሚሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው አካል ለጩኸት የሚገዛ ከሆነ ጥበቃ የተመኘ ሁሉ ይገባል፤ ነጻ እደላው የጣፈጠው ሁሉ ይወጣል፤ በመካከሉ ለአየሩ ጠበቃ የሚቆምለት አይኖርም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መለኪያ የሽሽቱ አደጋ ራሱ መሆን አለበት። ይህ አደጋ ከሁለት ነገሮች ይወለዳል፤ ምርቱ ከሚያስገኘው እሴት አንጻር በሚለቀው የካርቦን መጠንና ምርቱ ለውጭ ንግድ ባለው ተጋላጭነት። የአውሮፓ ሕግ ዘርፎችን የሚለየው ሁለቱን በማባዛት ነው፤ ብዜቱ ከ0.2 ካለፈ ዘርፉ ለሽሽት የተጋለጠ ይባላል። መደመር ቀርቶ ማባዛት መመረጡ ትርጉም አለው፤ ከሁለቱ አንዱ ኢምንት ከሆነ ውጤቱም ኢምንት ይሆናልና። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በዓለም ንግድ መካከል ይኖራል፤ ነገር ግን ከአገር ወደ አገር የሚያንከራትተው ደመወዝ እንጂ ካርቦን አይደለም። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የአረብ ብረት ምድጃ ግን ለእያንዳንዱ ቶን ብረት 2 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የካርቦኑ ዋጋ ለምሳሌ 75 ዩሮ ቢሆን፣ በአንድ ቶን ብረት ላይ 150 ዩሮ ይጨመራል ማለት ነው። ይህ የነጋዴን ውሳኔ የሚያስለውጥ ገንዘብ ነው።

ሲሚንቶ መለኪያው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ያሳያል። ከባድና ርካሽ በመሆኑ በየብስ ሩቅ አይጓዝም፤ በአማካይ ሲታይ የውጭ ንግዱ ትንሽ ነው። ዋናው ጥሬ ዕቃው ክሊንከር ግን በመርከብ ተጭኖ ከቱርክ፣ ከግብፅና ከአልጄሪያ ወደቦች ሜዲትራኒያንን ይሻገራል። በጀርመን መሐል አገር ያለ ፋብሪካ ሥጋት የለበትም፤ በግሪክ ወይም በስፔን የባሕር ዳርቻ ያለው ግን አለበት። በዚያ ላይ ከሲሚንቶ የሚወጣው ልቀት አብዛኛው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ካርቦን ይወጣል። ባለፋብሪካው ነዳጁን ሁሉ ቢለውጥ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ሲሚንቶ በዝርዝሩ መኖሩ ተገቢ ነው እንላለን።

ሁለተኛው መለኪያ የመለካት ችሎታ ነው። በእርግጠኝነት ሊለካ በማይችል ነገር ላይ የሚጣል ቀረጥ ግምት ይሆናል፤ በግምት ማስከፈል ደግሞ ሁልጊዜ የሚጎዳው አቅም የሌለውን ነው። የሲሚንቶ ወይም የአሉሚኒየም ፋብሪካ በአንድ በኩል ጥሬ ዕቃ ያስገባል፣ በሌላ በኩል ጥቂት ዓይነት ምርት ያወጣል፤ ልቀቱን ለምርቱ ማካፈል አስቸጋሪ አይደለም። የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ግን ሌላ ነው። አንድ መሰንጠቂያ ክፍል ኢታይሊንን፣ ፕሮፒሊንንና ሌሎችንም በአንድ ጊዜ ይወልዳል፤ የአንዱ ትራፊ የሌላው ነዳጅ ይሆናል። ከጭስ ማውጫው የወጣው ካርቦን የትኛው ምርት ነው? በክብደት ይከፈል ወይስ በዋጋ? ሒሳቡ በተለወጠ ቁጥር ቀረጡም ይለወጣል። ኮሚሽኑ መጀመሪያ ኦርጋኒክ ኬሚካሎችንና የነዳጅ ማጣሪያ ምርቶችን ያቆያቸው በዚህ ችግር ምክንያት ነው። ይህ ለጁበይልና ለሩዋይስ ፋብሪካዎች የተሰጠ እፎይታ እንጂ የዘላለም ምሕረት አይደለም። የመለኪያ ዘዴው በተስተካከለ ጊዜ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ዘዴው እስኪስማማ ድረስ ግን እነዚህን ዘርፎች ማስገባት ፍትሐዊ አይሆንም።

ሦስተኛው መለኪያ የምርቱን ሰንሰለት ይመለከታል። ቀረጡ በብረቱ ላይ ቆሞ ብረቱ የሚሠራውን ዕቃ ካለፈ፣ ነጋዴው ብረቱን በጥሬው ከማስገባት ይልቅ የተሠራውን በር፣ የተገጣጠመውን ማሽን ወይም የልብስ ማጠቢያውን ያስገባል። ካርቦኑ ያው ነው፤ በር የሚሠራው የአውሮፓ አውደ ጥናት ግን ውድ ብረት ገዝቶ ርካሽ በር ከሚያስመጣው ጋር ሊወዳደር ይገደዳል። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2025 ብረትና አሉሚኒየም በብዛት ያለባቸውን 180 ያህል የምርት ዓይነቶች ለመጨመር ሐሳብ ያቀረበው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። አደጋውም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር በዕቃው ውስጥ ያለው የካርቦን ድርሻ ያንሳል፤ የወረቀቱ ሥራ ግን ይበዛል። ከአምስት አገር የመጣ ቁራጭ የገጣጠመ አነስተኛ አምራች የእያንዳንዱን ቁራጭ ምንጭ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደው ዝርዝር በአንድ ቀላል ጥያቄ መገደብ አለበት፤ በዕቃው ዋጋ ውስጥ የካርቦኑ ወጪ ገዢና ሻጭን የሚያስለውጥ ያህል ነው ወይ? ካልሆነ ቀረጡ የአየር ንብረት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ተራ የንግድ እንቅፋት ይሆናል። ኅብረቱ በ2025 በዓመት ከ50 ቶን በታች የሚያስገቡትን ነጻ ማድረጉ ትክክለኛ ትምህርት ነበር፤ ከአስመጪዎቹ 90 በመቶ ያህሉ ከወረቀት ሸክም ሲወጡ፣ በዘርፎቹ ከሚገባው ልቀት 99 በመቶ ያህሉ ግን በሥርዓቱ ውስጥ እንደሚቀር ተሰልቶ ነው። የሚበዛው ካርቦን ከጥቂቶች እጅ የሚወጣ ከሆነ ብዙዎችን ማስጨነቅ ጥቅሙ ምንድን ነው?

አራተኛውና ለዚህ ቀጣና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማቅለጥ ከ14 እስከ 15 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከማቅለጫው ራሱ የሚወጣው ቀጥተኛ ልቀት በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 ቶን ነው። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በውኃ ኃይል ከሆነ የሚጨመረው ኢምንት ነው፤ በድንጋይ ከሰል ከሆነ ከ10 ቶን ይበልጣል፤ በባሕረ ሰላጤው እንደተለመደው በተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ በሁለቱ መካከል ይውላል። አሁን ያለው ሕግ ለሲሚንቶና ለማዳበሪያ የኤሌክትሪኩን ልቀት ይቆጥራል፤ ለአሉሚኒየምና ለብረት ግን አይቆጥርም። ይህ ለእኛ ቀጣና አምራቾች ዛሬ ይስማማል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ፍጹም ፍትሕ አይደለም። በካሆራ ባሳ ግድብ ውኃ በአብዛኛው ሲንቀሳቀስ የኖረው የሞዛምቢክ ማቅለጫ በከሰል ከሚሠራው ጋር በአንድ ዓይን ይታያል ማለት ነውና።

አውሮፓ ይህን ያደረገችው ለውጭ ሰው አዝና አይደለም። የራሷ መንግሥታት ለአሉሚኒየምና ለብረት ፋብሪካዎቻቸው የካርቦን ዋጋ በኤሌክትሪክ ሂሳባቸው ላይ ያመጣባቸውን ጭማሪ ይደጉማሉ። በአገር ውስጥ የተደጎመውን በድንበር ማስከፈል ሁለት ሚዛን መያዝ ይሆንባት ነበር። ስለዚህ ሕጉ ወደፊት የኤሌክትሪኩን ልቀት መቁጠር ከፈለገ አስቀድሞ ድጎማው መነሣት አለበት። ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ኩባንያ ጥቂት የፀሐይ ኃይል ገዝቶ «ወደ አውሮፓ የሚሄደው በዚህ የተመረተው ነው» ቢል፣ የቀረውን በጋዝ የተመረተ ለሌላ ገበያ ቢሸጥ፣ ወረቀቱ ይጸዳል፤ አየሩ ግን አይጸዳም። ንጹሑን ወደ ቀረጡ አገር፣ ቆሻሻውን ቀረጥ ወደሌለበት አገር መላክ ዕቃ ማዘዋወር እንጂ ለውጥ አይደለም።

ማዳበሪያ የተለየ ቃል ይገባዋል። በመለኪያው ካየነው ዘርፉ በዝርዝሩ መግባቱ አያጠያይቅም፤ አሞኒያ ከተፈጥሮ ጋዝ ሲሠራ ብዙ ካርቦን ይለቃል፤ ምርቱም በመርከብ ዓለምን ይዞራል። ነገር ግን የማዳበሪያ ዋጋ የዳቦ ዋጋ ነው። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ አብሮ ሲወደድ፣ ጭንቀቱ ከፈረንሳይ እርሻ እስከ ጎጃም ማሳ ደርሶ ነበር። የአውሮፓ ገበሬዎችም ዛሬ ቀረጡ የግብዓት ዋጋ ያንርብናል ብለው አቤት እያሉ ነው። መፍትሔው በእኛ እይታ ዘርፉን በጩኸት ማውጣት ሳይሆን ገበሬውን በግልጽ መደጎም ነው። ዛሬ ለማዳበሪያ የተከፈተ በር ነገ ለሲሚንቶ፣ ከነገ ወዲያ ለብረት ይከፈታል፤ ዝርዝሩም ድርድር የሚያሸንፍበት የገበያ ሸንጎ ይሆናል።

አምስተኛው መለኪያ ፍትሕ ነው። የአሁኑ ሕግ ለድሃ አገሮች የተለየ ነጻነት አልሰጠም። የፓሪስ ስምምነት ግን የአገሮች ኃላፊነት የጋራ ሆኖ እንደየአቅማቸው የሚለያይ መሆኑን አስፍሯል። በ2024 በባኩ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ታዳጊ አገሮች በተናጠል የሚጣሉ የንግድ እርምጃዎች በአጀንዳ እንዲያዙ የጠየቁት በዚህ መነሻ ነው። የእነዚህ አገሮች ምርት በአውሮፓ ገበያ ካለው ድርሻ አንጻር ነጻ ቢደረጉ ለሽሽት የሚሆን ቀዳዳ አይከፈትም ብሎ መከራከር ይቻላል። ተቃራኒው ክርክርም ቀላል አይደለም፤ ነጻ የተደረገ አገር የሌሎች ቆሻሻ ምድጃ መጠጊያ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው መንገድ ቀረጡን ከእነርሱ ሰብስቦ ለእነርሱ መመለስ ነው፤ ለመለኪያ መሣሪያ፣ ለባለሙያ ሥልጠናና ለንጹሕ ኃይል። ኮሚሽኑ ግን ከቀረጡ የሚገኘውን ገቢ አብዛኛውን ወደ ራሱ ኅብረት በጀት እንዲገባ ነው ሐሳብ ያቀረበው። ለሰማዩ ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ለካዝና ማሟያ ሲሆን፣ «አጥር ነው» ለሚሉት ወገኖች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ጣታችንን ወደ ብራስልስ ብቻ ቀስረን መቅረት አይገባንም። ሕጉ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ሸቀጡ በተመረተበት አገር በእርግጥ የተከፈለ የካርቦን ዋጋ ካለ ከቀረጡ ይቀነሳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ገንዘቡ መከፈሉ ካልቀረ፣ በብራስልስ ካዝና ከሚገባ በአገር ውስጥ ተሰብስቦ ለአገር ውስጥ ሥራ ቢውል ይሻላል። ቱርክ በ2025 የአየር ንብረት ሕግ አውጥታ የራሷን የልቀት ገበያ ለማቋቋም መሠረት ጥላለች። ቻይና በዚያው ዓመት ብሔራዊ የልቀት ገበያዋን ወደ ብረት፣ ሲሚንቶና አሉሚኒየም አስፍታለች። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ ከሜይ 30 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የፌዴራል ሕግ ኩባንያዎች፣ በነጻ ቀጣናዎች ያሉትም ጭምር፣ ልቀታቸውን እንዲለኩና እንዲያሳውቁ አድርጋለች። መለካት የመጀመሪያው እርከን ነው። የራሱን መለኪያ ያልያዘ አምራች በሌላ ሰው ግምት ይቀረጣል፤ ግምቱም የሚወጣው ለገማቹ እንዲመች ሆኖ ነው።

ቀጣናው ከባዶ አይነሣም። ባሕሬን በ1971 የመጀመሪያውን አሉሚኒየም ካቀለጠችበት ጊዜ አንስቶ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ዘርፍ ከዓለም ግንባር ቀደም አምራቾች መካከል ቆመዋል። በዱባይ በ2021 ከበረሃው የፀሐይ ማመንጫ በተገኘ ኃይል አሉሚኒየም ማቅለጥ ተጀምሯል። በአቡዳቢ ከ2016 ጀምሮ ከብረት ፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን በዓመት እስከ 800,000 ቶን ይዞ ከመሬት በታች የሚያስገባ ተቋም አለ። ሳዑዲ ዐረቢያ በኒዮም በቀን እስከ 600 ቶን ሃይድሮጂን ከፀሐይና ከነፋስ ለማምረት የታቀደ ፋብሪካ በመገንባት ላይ ናት። የአካባቢው ብረት በአብዛኛው በከሰል ሳይሆን በጋዝ መመረቱም ራሱ ብልጫ ነው። ለእንዲህ ያለ አምራች በትክክል የተቀረጸ ዝርዝር ጠላት አይደለም፤ በከሰል ከሚሠራው ተወዳዳሪው የሚለየው ምስክር ነው። ጠላቱ መለኪያ የሌለው ዝርዝር ነው።

በኢትዮጵያ ላሉ ወገኖቻችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። አገሪቱ ወደ አውሮፓ በዋናነት የምትልከው ቡናና አበባ በዝርዝሩ የሉም፤ ዛሬ የሚከፈል ቀረጥ የለም። ነገር ግን የኤሌክትሪኳ ምንጭ ከሞላ ጎደል ውኃ ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ጨምሮላታል። የኤሌክትሪኩ ልቀት በሚቆጠርበት ዓለም ይህ ውኃ በእያንዳንዱ ቶን ምርት ላይ የሚታይ ሀብት ይሆናል፤ በማይቆጠርበት ዓለም ግን ዋጋው አይታወቅም። በጎዴ እንዲሠራ በ2025 ስምምነት የተፈረመበት የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካም አንድ ቀን ምርቱን ወደ ውጭ ልላክ ቢል፣ የሚገጥመው ይኸው ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ግንባታው ሲታቀድ የመለኪያ መሣሪያውም አብሮ ቢታቀድ፣ በኋላ ከሚመጣ ወጪና ጭንቀት ያድናል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ።

ለማጠቃለል፣ የትኛው ኢንዱስትሪ በቀረጡ ይካተት ለሚለው ጥያቄ የዚህ ገጽ መልስ እንደሚከተለው ነው። ልቀቱ ከባድ የሆነ፣ ንግዱ ድንበር የሚሻገር፣ ሒሳቡም በታመነ መንገድ የሚለካ ዘርፍ ይግባ። ሦስቱን ያላሟላ ይቆይ። ወደ ተሠሩ ዕቃዎች የሚወርደው ዝርዝር የካርቦኑ ወጪ የገበያ ውሳኔን በሚለውጥበት ድንበር ላይ ይቁም። የኤሌክትሪክ ልቀት የሚቆጠረው በአገር ውስጥም በድንበርም እኩል ሲሆን ብቻ ይሁን። ከድሃ አገሮች የሚሰበሰበው ለእነርሱው ይመለስ። ዘርፍ የሚገባውም የሚወጣውም አስቀድሞ በታወቀ መለኪያ እንጂ በበረታ ጉትጎታ አይሁን።

ከዋጋ ሊያመልጥ የሚሸሽ ካርቦን የትም ቢሄድ ከአንድ ሰማይ በታች ነው። በበጋ ቀትር ከ45 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ የሚኖረው የዚህ ቀጣና ሕዝብ፣ በአፍሪካ ቀንድም ዝናብ የቀረበት አርብቶ አደር ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ጥያቄያችን ሚዛኑ ይነሣ የሚል አይደለም። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ በሚዛኑ ላይ የሚወጣውም የሚገባው ይሁን።